ሰነዶቻችንን ከጥፋት ስለ መጠበቅ፦ የክፍት መጠባበቂያ ሶፍትዌሮች አሠራር፣ ጥቅምና አደጋ

1. መግቢያ

በስደት የሚኖር ምሁር አብዛኛውን ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ መዛግብቱን በአገር ቤት ትቶ የወጣ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ድካም ያሰባሰበው ሁሉ፣ ማለትም በቃለ መጠይቅ የተቀዳ ድምፅ፣ ከብራና ገጾች የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ያልታተመ የጥናት ረቂቅና የዓመታት የደብዳቤ ልውውጥ፣ ዛሬ በአመዛኙ በአንድ ኮምፒዩተርና በጎኑ በምትሰካ አንዲት ዲስክ ላይ ተከማችቶ ይገኛል። ብራና በአግባቡ ከተያዘ መቶ ዓመታትን ይሻገራል፤ ዲስክ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊያቆም የሚችል፣ ዕድሜው በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ዕቃ ነው።

አደጋው በግለሰቦች ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ የኦ.ቪ.ኤች. ኩባንያ አንደኛው የኮምፒዩተር ማዕከል በእሳት ሲወድም፣ መጠባበቂያቸውን በዚያው ስፍራ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጥተዋል። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ደግሞ በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የሱፐር ኮምፒዩተር ማከማቻ፣ የመጠባበቂያ ፕሮግራሙ ራሱ በገባበት ስሕተት ምክንያት፣ 77 ቴራባይት ያህል የምርምር ሰነድ ተሰርዟል። ባለ ብዙ ገንዘብና ባለ ብዙ ባለሙያ የሆኑ ተቋማት እንዲህ ከሆኑ፣ በግሉ የሚሠራ ተመራማሪ ይልቁንም በስደት ላይ ያለ ትንሽ ማኅበር ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚገባው መገመት አያዳግትም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ ምንጫቸው ክፍት የሆነና በነጻ የሚገኙ የመጠባበቂያ ሶፍትዌሮች፣ በተለይም «ሬስቲክ» እና «ቦርግ» የተባሉት ሁለቱ፣ በምን ዘዴ እንደሚሠሩ የኮምፒዩተር ሙያ ለሌለው አንባቢ ለማብራራት እንሞክራለን። አስተያየታችንም በአጭሩ የሚከተለው ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ቦታን በመቆጠብና ምስጢርን በመጠበቅ ረገድ ተራ ግልባጭ የማይሰጠውን አገልግሎት ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ቁጠባውም ምስጢሩም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አደጋ ይዘው ይመጣሉ። እነዚህን አደጋዎች የሚያስወግደው ፕሮግራሙ ሳይሆን ባለቤቱ የሚዘረጋው ሥርዓት ነው።

2. ግልባጭና መጠባበቂያ አንድ አለመሆናቸው

ብዙ ሰው «ቅጂ አለኝ» ሲል የኮምፒዩተሩን ይዘት እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጫለሁ ማለቱ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሩ ትሪጄልና ፖል ማከራስ ይፋ ያደረጉት «አር-ሲንክ» የተባለ ፕሮግራም እስከ ዛሬ ድረስ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ለይቶ ስለሚልክ ጊዜንም መስመርንም ይቆጥባል። ነገር ግን ግልባጭ ጥፋትንም በታማኝነት ይገለብጣል። አንድ ምዕራፍ ዛሬ ቀን በስሕተት ተሰርዞ ባለቤቱ ሳያውቅ ቢቀር፣ የዛሬ ሌሊቱ ግልባጭ ምዕራፉ የሌለበት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በብዙ አገሮች የተሠራጨው «ዋናክራይ» የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ደግሞ የሰዎችን ፋይሎች ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ነበር። እንዲህ ያለው አደጋ ሲደርስ ከኮምፒዩተሩ ጋር ዘወትር ተያይዞ የሚኖር ግልባጭም አብሮ ይቆለፋል።

ስለሆነም መጠባበቂያ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው፣ የዛሬን ብቻ ሳይሆን የትናንትን፣ ያለፈውን ወርና ያለፈውን ዓመት ገጽታ ጭምር የሚያስቀምጥ ነው። ችግሩ ወጪው ነው። እንበልና አንድ ተመራማሪ 200 ጊጋባይት የሚመዝን ስብስብ ቢኖረውና በየሳምንቱ ሙሉ ቅጂ ቢያስቀምጥ፣ በዓመት 52 ቅጂዎች 10,400 ጊጋባይት ይሆናሉ። በየሳምንቱ በእውነት አዲስ የሚሆነው ግን ምናልባት 1 ጊጋባይት ቢሆን ነው። እንግዲህ አዲሱን ብቻ ማስቀመጥ ቢቻል፣ የመጀመሪያው 200 እና በቀሩት 51 ሳምንታት የተጨመረው 51 ተደምሮ 251 ጊጋባይት ብቻ ይበቃል ማለት ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

3. ድግግሞሽ የሚወገድበት ዘዴ

ሐሳቡ ለባህላችን እንግዳ አይደለም። የድጓን መጽሐፍ የተመለከተ ሰው ከንባቡ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን ምልክቶች ያስታውሳል። ምልክት ከታወቀ ቃለ ዜማ የተወሰደ አንድ ወይም ጥቂት ፊደል ነው። ዜማው በየቦታው እንደገና አይጻፍም፤ ተማሪው አስቀድሞ አጥንቶ ይዞታልና። ምልክቱ የሚያደርገው የታወቀውን ዜማ ወደዚህ አምጣው ብሎ ማመልከት ብቻ ነው። ሬስቲክና ቦርግም እንደዚሁ አንድን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ካስቀመጡ በኋላ፣ ያው ነገር በሌላ ቦታ ወይም በሌላ ቀን ሲገኝ ጠቋሚ ምልክት ብቻ ይጽፋሉ።

ይህን ለማድረግ ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ፋይሉን ወደ ቁራጮች መክፈል አለበት። አከፋፈሉ ቀላል ቢመስልም የዘዴው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድን መጽሐፍ በየመቶ ቃላቱ ቆራርጠን አስቀመጥን እንበል። ደራሲው በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዲት ቃል ቢጨምር፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ቃል ስለሚገፋ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ድረስ አንድም ቁራጭ ከቀድሞው ጋር አይገጥምም። በአራት ነጥብ ቆርጠነው ቢሆን ኖሮ ግን የሚለወጠው ቃሉ የተጨመረበት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የቀሩት ዓረፍተ ነገሮች እንደነበሩ ይገኛሉ። የመቁረጫው ስፍራ በቁጥር ሳይሆን በይዘቱ ሲወሰን ለውጡ ባለበት ይቆማል።

ፎቶግራፍና ድምፅ አራት ነጥብ የላቸውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ በሒሳብ የራሱን አራት ነጥብ ይፈጥራል። ሬስቲክ 64 ባይት ስፋት ያለው መስኮት በፋይሉ ላይ ከአንዱ ባይት ወደ ቀጣዩ እያንሸራተተ፣ በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ይለውጣል። የቁጥሩ የመጨረሻ 20 የሁለትዮሽ አኃዞች ሁሉም ዜሮ ሆነው ሲገኙ እዚያ ላይ ይቆርጣል። የሒሳቡ መሠረት ማይክል ራቢን እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው የአሻራ ስሌት ነው። ቁራጮቹ ከግማሽ ሜጋባይት አያንሱም፣ ከ8 ሜጋባይት አይበልጡም፤ አማካያቸው ወደ 1 ሜጋባይት ይጠጋል። ቦርግ ስሌቱ የተለየ ቢሆንም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ በተለመደው አሠራሩ አማካይ ቁራጩ ወደ 2 ሜጋባይት ነው።

ቁራጩ ከተለየ በኋላ መታወቂያ ይሰጠዋል። ሬስቲክ ለዚህ የሚጠቀምበት ኤስ.ኤች.ኤ.-256 የተባለው ስሌት፣ ማናቸውንም ይዘት ተቀብሎ 256 የሁለትዮሽ አኃዞች ያሉት አሻራ ያወጣል። ከይዘቱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሊኖሩ የሚችሉት አሻራዎች ብዛት 78 አኃዝ ባለው ቁጥር የሚገለጽ በመሆኑ፣ ሁለት የተለያዩ ቁራጮች በአጋጣሚ አንድ አሻራ ይኖራቸዋል ብሎ መሥጋት በተግባር አያስፈልግም። ፕሮግራሙ የአዲሱን ቁራጭ አሻራ በመዝገቡ ውስጥ ካገኘው ቁራጩን አያስቀምጠውም፤ ካላገኘው አምቆና መስጥሮ ወደ ማከማቻው ያስገባዋል። በይዘት አሻራ የማከማቸት ሐሳብ በቤል ላቦራቶሪዎች ሾን ኩዊንላንና ሾን ዶርዋርድ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረቡት «ቬንቲ» በተባለው ሥርዓት ውስጥ በግልጽ የሚታይ ነው።

በመጨረሻም በየዕለቱ «ስናፕሾት» የሚባል መዝገብ ይጻፋል። ይህም የዕለቱን ገጽታ፣ ማለትም የትኞቹ ፋይሎች በየትኛው አቃፊ ውስጥ እንደነበሩና እያንዳንዱ ፋይል ከየትኞቹ ቁራጮች እንደሚገጣጠም የሚዘረዝር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስናፕሾት ለተጠቃሚው ሙሉ ቅጂ ሆኖ ይታየዋል፤ ቀኑን መርጦ የፈለገውን ፋይል ያወጣል። ፋይሎችን ከአንድ አቃፊ ወደ ሌላ ማዛወርም ሆነ ስማቸውን መለወጥ ከጥቂት መዝገብ በስተቀር ተጨማሪ ቦታ አይወስድም።

ዘዴው ወሰን እንዳለው መጥቀስ ተገቢ ነው። በባሕርያቸው የታመቁ ፋይሎች፣ ለምሳሌ ዘመናዊ የቃል ማቀነባበሪያ ሰነዶች፣ በውስጣቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲለወጥ አብዛኛው ባይታቸው ስለሚለወጥ ከድግግሞሽ ማስወገድ ብዙም አይጠቀሙም። መጠናቸው ትንሽ ስለሆነ ግን ጉዳቱ ቀላል ነው።

4. ምስጢር

ለእኛ ይህ ክፍል ከቁጠባው ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። የስደተኛ ምሁር ሰነዶች ብዙ ጊዜ የሌሎች ሰዎች ደኅንነት የታሰረባቸው ናቸው። በአገር ቤት ሆነው ስማቸው እንዳይገለጽ ተማጽነው የተናገሩ ሰዎች ድምፅና ደብዳቤ በማይታወቅ እጅ ቢወድቅ የሚጎዳው አጥኚው ሳይሆን ተናጋሪው ነው። በሌላ በኩል ቅጂውን ከቤት ውጭ፣ ከተቻለም በሌላ አገር ማኖር ግድ ነው፤ ይህም ማለት ለኪራይ ማከማቻ ወይም ለወዳጅ ኮምፒዩተር አደራ መስጠት ነው።

ሁለቱ ፕሮግራሞች ይህን ችግር የሚፈቱት ሰነዱ ከባለቤቱ ኮምፒዩተር ከመውጣቱ በፊት በመመስጠር ነው። ሬስቲክ ይዘቱን ኤ.ኢ.ኤስ.-256 በተባለው የምስጠራ ስልት ይቆልፋል፤ በተጨማሪም ፖሊ-1305 በተባለ ማኅተም ያትመዋል። ማኅተሙ ሰነዱ በመንገድ ላይ ወይም በማከማቻው ውስጥ ተነካክቶ ከሆነ በንባብ ጊዜ የሚያጋልጥ ነው። አደራ ተቀባዩ የሚያየው ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው፤ የፋይሎቹ ስሞች እንኳ አይታዩትም። መክፈቻው የይለፍ ቃል ሲሆን፣ ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን ወደ ቁልፍ የሚለውጠው ሆን ተብሎ ብዙ ጊዜና ብዙ የኮምፒዩተር ትዝታ በሚበላ ስሌት ነው። ዓላማው በግምት እየሞከረ ሊከፍት የሚሻውን ማድከም ነው። ይሁን እንጂ አጭርና የታወቀ የይለፍ ቃልን ምንም ዓይነት ስሌት አያድነውም።

5. የምንጩ ክፍት መሆን ለምን ይጠቅማል?

ስሌቱ ለሁሉ የሚታይ ከሆነ እንዴት ምስጢር ይጠብቃል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ለዚህ መልሱን የሰጠው ኦገስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። እርሱ እንዳስረዳው መልካም የምስጢር ሥርዓት አሠራሩ በጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ቁልፉ እስካልተያዘ ድረስ ጉዳት ሊደርስበት አይገባም። ክፍት ሶፍትዌር ይህን መርሕ በተግባር የሚፈጽም ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች ሊመረምሩትና ስሕተቱን ሊያርሙት ይችላሉና።

ሁለተኛው ጥቅም የዕድሜ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 «ክራሽፕላን» የተባለው የመጠባበቂያ አገልግሎት ለግለሰቦች ይሰጥ የነበረውን ክፍል እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በ2018ም ዘጋው። ደንበኞቹ ሌላ ስፍራ ለመፈለግ ጊዜ ቢሰጣቸውም በዓመታት የተጠራቀመው የቅጂ ታሪካቸው አብሯቸው አልተሻገረም። ከዚህ በተቃራኒ ቦርግ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2015 «አቲክ» ከተባለው ቀደምት ፕሮግራም ሌሎች ሠሪዎች ምንጩን ወስደው ስላስቀጠሉት ነው። የሬስቲክም የማከማቻ አሠራር በይፋ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ፕሮግራሙ ቢተው እንኳ ሌላ ባለሙያ አንባቢ ሊሠራለት ይችላል። አንድ ማኅበር የፕሮግራሙን ምንጭ ከሰነዱ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጡ በገንዘብ አቅሙ ላይ ምንም የማይጨምር መድን ነው።

6. ሁለቱ አደጋዎች

ከላይ በመግቢያው ወዳመለከትነው ነጥብ እንመለስ። የመጀመሪያው አደጋ ከቁጠባው የሚመነጭ ነው። አንድ ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ያ ቁራጭ በዲስክ ብልሽት ሲጠፋ በእርሱ ላይ የተመሠረቱት ስናፕሾቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጎድላሉ። ዜማውን የረሳ ተማሪ ያ ምልክት በተጻፈበት ቦታ ሁሉ እንደሚቆም ዓይነት ነው። መቶ ስናፕሾት ያለው ሰው መቶ ቅጂ ያለው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ያለው አንድ ቅጂና መቶ ማውጫ ነው። ስለዚህ በድግግሞሽ ማስወገድ የተቆጠበው ቦታ በከፊል ሆን ተብሎ ለሚደረግ ድግግሞሽ መዋል አለበት። ይህም በሌላ ዲስክና በሌላ ስፍራ፣ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ማከማቻ ማቋቋም ማለት ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከምስጢሩ የሚመነጭ ነው። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ሰነዱን የሚያወጣው የለም፤ የፕሮግራሙ ሠሪዎችም ቢሆኑ አይችሉም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ሰነዱን ከባዕድ ዓይን ለመሰወር የደከመ ሰው ከገዛ ልጆቹም ሰውሮት ሊሞት ይችላል። የወረቀት ሰነድ ባለቤቱ ሲያርፍ ቢያንስ በሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ ልጆቹ ቋንቋውን ባያነቡት እንኳ ለሚያነብ ሰው ያሳዩታል። የተመሰጠረ ሰነድ ግን ቁልፉን የሚያውቀው ከሌለ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በስደት ካሉት ምሁራን ብዙዎቹ በዕድሜ እየገፉ ባሉበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ሩቅ ሥጋት አይደለም።

ለዚህም ፕሮግራሞቹ መፍትሔ አዘጋጅተዋል። ሬስቲክ ለአንድ ማከማቻ ከአንድ በላይ የይለፍ ቃል እንዲኖር ይፈቅዳል፤ ባለቤቱ የራሱን ይዞ ሌላውን ለሚያምነው ወራሽ ወይም ለማኅበሩ አደራ ጠባቂ መስጠት ይችላል። ቦርግ ደግሞ ቁልፉን በወረቀት ላይ ለማተም በሚያመች መልክ አውጥቶ ይሰጣል፤ የይለፍ ቃሉን ግን ለብቻው መጠበቅ ያስፈልጋል። ወረቀቶቹም በታሸገ ፖስታ ውስጥ ከኑዛዜ ጋር ሊቀመጡ ይችላሉ።

7. ሊዘረጋ የሚገባው ሥርዓት

ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው ደንብ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማኖሪያ፣ ከእነዚህም 1ዱ በሌላ ስፍራ። የደንቡ መንፈስ በእኛም ታሪክ ውስጥ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም እየተነሡ ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ በኮለጅቪል፣ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ከዚያ በኋላ በተፈራረቁት የአብዮትና የጦርነት ዓመታት ዋናው የት እንደደረሰ በማይታወቅበት ጊዜ እንኳ ተመራማሪው ፊልሙን ለማንበብ ችሏል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በኮለጅቪል ሆነው ለብዙ ዓመታት ያዘጋጁት ካታሎግ የተመሠረተው በእነዚሁ ፊልሞች ላይ ነው።

በተግባር የሚከተሉትን እርምጃዎች እንመክራለን።

ሀ. አንዱ ማከማቻ በቤት፣ ሌላው በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ይሁን። የሩቁ ማከማቻ ከተቻለ መጨመርን እንጂ መሰረዝን እንዳይፈቅድ ተደርጎ ይደራጅ፤ ኮምፒዩተሩ በተንኮለኛ ፕሮግራም ቢያዝ የቀደሙት ስናፕሾቶች እንዳይነኩ ነው።

ለ. የትኞቹ ስናፕሾቶች እንደሚቆዩ ይወሰን፤ ለምሳሌ የ7 ቀን፣ የ4 ሳምንትና የ12 ወር። ስናፕሾት ሲሰረዝ ቁራጮቹ ወዲያው አይጠፉም፤ ማንም የማይጠቁምባቸው ቁራጮች የሚወገዱት በሌላ ትእዛዝ ነው።

ሐ. ማከማቻው በየጊዜው ይመርመር። ተራው የሬስቲክ ምርመራ የመዝገቡን አወቃቀር ብቻ የሚያይ ስለሆነ፣ የተቀመጠውን ይዘት ሁሉ አንብቦ ከአሻራው ጋር እንዲያስተያይ በተለይ ሊታዘዝ ይገባል።

መ. ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሰነዱ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይመለስ፤ ከተቻለም የሚመልሰው ባለቤቱ ሳይሆን ቁልፉን የሚወርሰው ሰው ይሁን። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 «ጊትላብ» የተባለው ኩባንያ ዋና የመረጃ ቋቱ በስሕተት ሲሰረዝ፣ ካዘጋጃቸው የመጠባበቂያ መንገዶች አብዛኞቹ እንደማይሠሩ የታወቀው በዚያው ሰዓት ነበር። የዳነውም ከ6 ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሥራ በተወሰደ ቅጂ ነው።

ሠ. የሰነዱ የሚነበብበት መንገድ አብሮ ይቀመጥ። ይህ በተለይ የአማርኛ ጸሐፊዎችን የሚመለከት ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን የተጻፈ ፋይል የራሱ ፊደል ካልተገኘለት ሲከፈት የሚታየው የማይነበብ የላቲን ምልክት ነው። መጠባበቂያ ባይቱን ይጠብቃል እንጂ ትርጉሙን አይጠብቅም። ስለዚህ የቀድሞ ጽሑፎች ወደ ዩኒኮድ ተለውጠው፣ ዋናው ፋይልና ፊደሉም ሳይጣሉ አብረው ይቀመጡ።

8. መደምደሚያ

እንግዲህ ከላይ የዘረዘርናቸው ፕሮግራሞች ለማንም ሰው በነጻ የሚገኙ፣ በተራ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩና ለትንሽ ማኅበር አቅም የሚመጥኑ ናቸው። የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን ስምምነት ነው። የአንዱ አባል ማከማቻ በሌላው አባል ቤት ተመስጥሮ ሊቀመጥ ይችላል፤ በቶሮንቶ ያለው የስቶክሆልሙን፣ በስቶክሆልም ያለው የቶሮንቶውን አደራ መጠበቅ ይችላል፤ ማንም የማንንም ምስጢር ሳያይ። የቁልፎቹ ወራሾች እነማን እንደሚሆኑና አንድ አባል ሲያርፍ ሰነዱ በማን እጅ ተከፍቶ ለማን እንደሚተላለፍ ግን ፕሮግራም ሊወስንልን አይችልም። ይህ በሕያዋን መካከል በጽሑፍ መወሰን ያለበት ጉዳይ ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በስደት ያሉ የምሁራን ማኅበራት ይህን ጥያቄ በቅርቡ በሚያደርጉት ጉባኤ አንሥተው ቢወያዩበትና ቢያንስ አንድ አደራ ጠባቂ ቢሰይሙ መልካም ነው እንላለን።